ከባንቹ ራስ በላይ የታዩት ሦስት ብርሃኖች

ነገሩ የጀመረው በጥር ሥላሴ ዋዜማ ነው፤ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። የገንዳ ውሃ ከተማ ከቀኑ ሙቀት ገና አልበረደችም። የክፍሌን በር ከፍቼ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ እትየ የሺ ብቅ አሉ።

«ትዕግሥት፣ ያችን ካሜራሽን ያዥና ተነሽ። ባንቹን ከሥላሴ ደጅ አቁመሽ ታነሽልኛለሽ።»

«ከደከማትስ እትየ?»

«ባጃጅ ጠርቻለሁ። ሰኞ ጎንደር ልንሄድ አይደል? ሳትሄድ ደጁን ትሳም። ፎቶዋም ከእኔ ዘንድ ይቀመጥ።» የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ሰለለና ፊታቸውን አዞሩ።

እትየ የሺ አከራዬ ናቸው። ባንቹ ደግሞ ያለቻቸው አንድ ልጅ። ክረምቱን ከአጎቷ የሰሊጥ እርሻ ስታርም ከረመች፤ ሙቀቱን ሽሽት የምታድረው ውጭ ነበር። በጥቅምት ስትመለስ ትኩሳት ይዟት መጣች። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። የወባው መድኃኒት አላነሳትም። ሰውነቷ እየመነመነ ሆዷ ግን በግራ በኩል እያበጠ ሄደ፤ አፍንጫዋም ይደማ ጀመር። ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀር የመረመራት የጤና ባለሙያ ካላዛር መሆኑን፣ ውጭ ስታድር የአሸዋ ዝንብ ነክሷት የያዛት መሆኑን ነግሮ ወደ ጎንደር ጻፈላት። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። «መድኃኒት አለው» አለን፤ «ካልታከመ ግን ይገድላል። ሰኞን እንዳታሳልፉ።»

እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የተማርኩት የዕፅዋት ሳይንስ ነው፤ ሥራዬም በየእርሻው እየዞርኩ የሰሊጥ በሽታ መከታተል ነበር። ዓይን አፋር ነኝ። ስብሰባ ላይ ስሜ ከተጠራ ድምፄ ይጠፋል፤ ሰው ፊት ቆመሽ አስረጂ ከተባልኩ ላብ ያጠምቀኛል። ካሜራ የወደድኩትም ለዚህ ይመስለኛል። ከኋላው መደበቅ ይቻላል።

ካሜራዬን የገዛሁት መተማ ዮሐንስ፣ ከድንበር ማዶ ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ ነው። ያገለገለ ነበር። ከሌንሱ ፊት እንደ ክዳን ተጠምዝዞ የሚገባ ስስ ክብ መስታወት አለው፤ ፊልተር ይሉታል። ነጋዴው በጣቱ ጠቆም አድርጎ፣ «ይችን እንዳትነኪያት። አቧራውንም ጭረቱንም የምትቀበልልሽ እሷ ናት» አለኝ። የቆላውን አቧራ የሚያውቅ ሰው ምክሩ ይገባዋል። ጥቁሩ አፈር በበጋ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ የሰሊጡ ገለባ ይጨመርበታል። ፊልተሩን ማታ ማታ በለስላሳ ጨርቅ እወለውለዋለሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አውልቄው አላውቅም። ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሄኖክ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «ይኼን የመሰለ ሌንስ ገዝተሽ በመስኮት አጮልቀሽ ታያለሽ» ይለኛል። ከዚህ ሌላም የነገረኝ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ልብ ያልኩት ሳቁን ብቻ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። እትየ የሺ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አሸዋ ሞልተው ይዘው ነበር። መሬት ላይ አኖሩትና ሦስት ጧፍ ተከሉበት። በአብ ብለው አንዱን፣ በወልድ ብለው ሁለተኛውን፣ በመንፈስ ቅዱስ ብለው ሦስተኛውን ለኮሱ። መካከለኛው ጧፍ አሸዋው ውስጥ ጠልቆ ከግራና ቀኙ አጠር ብሎ ነበር። «ልጄን ብትምርልኝ ዣንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉና መሬቱን ሳሙ።

ባንቹ ነጠላዋን ተከናንባ ከጧፎቹ በስተቀኝ ቆመች።

«ልሳቅ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እንዳሻሽ።»

«በሽታው ያላከሳው ጥርሴን ብቻ ነው። እሱን ላሳያቸው እንጂ» አለችና ሳቀች።

«ኧረ ዝም በይ፣ ከደጁ ቆመሽ!» አሏት እናቷ።

ወዲያ ወዲህ እያልኩ ደጋግሜ አነሳኋት። በጣም በወደድኩት ፎቶ ላይ ጧፎቹ በግራ በኩል ከታች ናቸው፤ ባንቹ በቀኝ ቆማለች፤ ከበላይዋ እየጨለመ ያለ ሰማይ አለ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆነን ፎቶውን በካሜራው ስክሪን ከፍቼ አሳየኋቸው። እትየ የሺ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

አጎንብሼ አየሁ። ከባንቹ ራስ በላይ፣ ባዶው ሰማይ ላይ፣ ሦስት ትናንሽ ብርሃኖች ተንሳፍፈዋል። አረንጓዴ ነገር ናቸው፤ ወደ ሰማያዊም ይወስዳቸዋል።

«እዚያ መብራት ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልነበረም።

«ሦስት ናቸው» አሉ። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። «ሦስት! ሥላሴ ልጄ ራስ ላይ ቆመዋል!» እልልታቸውን ሲያቀልጡት የባጃጁ ሹፌር ደንግጦ ዳር ያዘ። እኔም አብሬያቸው እልል አልኩ። በሕይወቴ ሰው በሚሰማበት ቦታ እልል ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢያችን በሰው ሞላ። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሚያይ ሁሉ ያማትባል፣ ስክሪኑን ይሳለማል። እኔ ደግሞ ለስላሳዋን ጨርቅ ይዤ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ስክሪኑን እጠርጋለሁ። አንዲት ጎረቤታችን አይታኝ፣ «ምነው፣ ቆሻሻ አደረግሽው እንዴ በረከቱን?» ስትል ጨርቁን ኪሴ ውስጥ ደበቅኩት።

ማዶ የሚኖረው አዱኛም መጣ። ሰሊጥ ጭኖ ወደ ሱዳን የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከዚያ ያመጣት «ተማም» የምትል ቃል አለችው፣ ደስ ያለውን ነገር ሁሉ ይጠራባታል። «ተማም! ተማም!» አለ ፎቶውን እያየ። «አንች ትዕግሥት፣ ስትሄጅ መሬቱ እንዳይሰማሽ የምትረግጭ ልጅ፣ ለካ እንዲህ ያለ ጸጋ ደብቀሻል!» ሁሉም ሳቀ። አሮጊቶቹ «እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽ ይባረክ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው እያየኝ አለማፈሬ ገርሞኝ ነበር።

አንዲት አሮጊት ካሜራውን ሲመልሱልኝ ገልብጠው ሰጡኝ። ስክሪኑ ተዘቅዝቆ በእጄ ላይ እንዳረፈ ፎቶውን አየሁት። ብርሃኖቹ አሁን በግራ በኩል ከታች ናቸው። ሁለቱ ከፍ ያሉ፣ መካከለኛው አጠር ያለ። ከጣሳው ውስጥ የነበሩት ጧፎች ራሳቸው፣ ተገልብጠው።

ያን ጊዜ የሄኖክ ንግግር ሙሉ ሆኖ መጣልኝ። «ለአቧራው ይሁን፣ አድርጊው። ሻማና መብራት ስታነሺ ግን አውልቂው። ብርሃኑ ፊልተሩና ሌንሱ መሃል ይጋጭና ከሌለበት ቦታ ተገልብጦ ይታይሻል» ነበር ያለኝ።

ወደ ክፍሌ ገብቼ የቀሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። እኔ ቦታ በቀየርኩ ቁጥር ብርሃኖቹም ቦታ ቀይረዋል። በአንዱ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ናቸው። በሌላው ባንቹ ጉልበት ላይ። የወደድኩትና ለሰው ያሳየሁት አንዱን ብቻ ስለነበር ሌሎቹን ያየ የለም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ከክፍሌ ወጣሁና ካሜራውን ለሚቀጥለው ሰው ሰጠሁ። የሚጠይቁኝ ሲመጡ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኩ። ምን ጎዳ? እትየ የሺ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ እያየኋቸው ነው፤ ፎቶውን ይዘው ጎንደር ይሂዱ፣ ብርታት ይሆናቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከምሳ በኋላ እንግዳው ሳሳ ሲል እትየ የሺ በረንዳው ላይ ቁጭ አሉና፣ «ነገ የምንሄድበት የለም» አሉ። «ሐኪሙ ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶላት የለ?»

«እማየ፣ እኔ እኮ አሁንም ያመኛል» አለች ባንቹ።

«ዝም በይ! ሥላሴ ከራስሽ ላይ ቆመው አንች ትጠራጠሪያለሽ?»

ትንሽ ቆይታ ባንቹ ግድግዳ እየተደገፈች ክፍሌ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ትዕግሥት፣ አንች ተምረሻል። እውነት ድኛለሁ?»

ሌላ ሰው ብትጠይቅ ይሻላት ነበር። «እኔ እንጃ» አልኳት።

ነጠላዋን ገልጣ የተጠቀለለ ጨርቅ አሳየችኝ፤ በደም ርሷል። «ዛሬ ጠዋት ነው። እማየ እንዳታይ ደበቅኩት። ደስ ብሏት ሳያት...» ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነገር እየደበቅን ነበር። እሷ ግን የምትደብቀው ስለ እናቷ ብላ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ የቤቱ ንስሐ አባት ቄስ ውበቱ መጡ። ሰው እንደገና ተሰበሰበ። ቄሱ ፎቶውን እንደሌላው አልተሳለሙም፤ መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩትና ቀና አሉ።

«ማን ነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«አንች ምን ትያለሽ?»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባንቹ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛለች።

«የመስታወቱ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁሽም ልጄ። ከፍ አድርጊው።»

«ብርሃኑ... ጧፎቹ ናቸው። በካሜራዬ መስታወት ተገልብጠው ነው የታዩት። ከሰማይ አይደለም።»

እትየ የሺ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ትናንት አብራኝ እልል ያለች ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስትመረቅ የዋለችስ?»

«እኔ ነኝ እትየ።»

«እስቲ አሳይን» አሉ ቄስ ውበቱ ሌላ ሰው ሳይናገር።

ሁላችንም ወደ ሳሎን ገባን፤ በሩና መስኮቱ ተዘጋ። ያችው ጣሳ መጣች፤ ሦስት ጧፍ በራ። አጠገቡ የሚቆም ሰው ስፈልግ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። አዱኛ ከጥግ ቢጫ ጀሪካን ስቦ አመጣና ጠረጴዛ ላይ አቆመው። «ይኼ አያፍርም፣ አንሽው» አለ። አነሳሁ። ስክሪኑን ወደ ሰዎቹ አዞርኩ። ከጀሪካኑ በላይ ሦስት አረንጓዴ ብርሃኖች ተንሳፍፈዋል።

«ተማም!» አለ አዱኛ። «ጀሪካኑም ድኗል!»

ሳቅ ፈነዳ። ጠዋት ስክሪኑን የተሳለሙት ሰዎች ናቸው የሚስቁት። እትየ የሺ እንደቆሙ ቀሩ። እውነት እየተናገርኩ ነበር፤ ግን እንደዚያ ቅጽበት አፍሬ አላውቅም። አዱኛ ራሱ ፊታቸውን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

«ጀሪካን ላይ ስለታየ» አሉ እትየ የሺ በቀጭን ድምፅ፣ «ልጄ ላይ አልታየም ማለት ነው?»

ቄስ ውበቱ፣ «በይ መስታወቱን አውልቂና ደግመሽ አንሽ» አሉኝ።

ያዝኩት፤ አልዞር አለ። ጥቁሩ አፈር በላብና በሙቀት ጥርሱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይዞታል። ያን ሁሉ ጊዜ ከላይ ስወለውለው አንድ ቀን እንኳ አላላሁትም ነበር። ጣቴ እስኪቆስል ጠመዘዝኩ። አዱኛ ተቀበለኝ፤ በዚያ መሪ ባደነደነው እጁ ቢታገል ቀለበቱ ተጣመመ እንጂ አልወጣም።

«ካስገደድኩት ይሰበራል» አለኝ።

«ስበረው።»

«ሌንሱን ቢጭርብሽስ?»

«ስበረው አልኩ!» ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ።

ካቻቪቴ አምጥቶ ጠርዙን መታው። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ስብርባሪውን እያራገፍኩ ሳለ አንዱ ስባሪ ሌንሱ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ። አየሁት፤ ቀጭን ነጭ መስመር ተሰምሮበታል። ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም። አነሳሁ። ጧፎቹ አሉ፣ ጀሪካኑ አለ፣ ከበላዩ ጨለማ ብቻ።

ቄስ ውበቱ ፎቶውን አይተው ወደ እትየ የሺ ዞሩ። «የሺ፣ ስለትሽን ሥላሴ ሰምተዋል። ጧፍሽንም አይተዋል። ለዚያ የዚች ልጅ መስታወት አያስፈልጋቸውም። መድኃኒቱም የእነሱ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ሂጅ።»

እትየ የሺ ወደ ጣሳዋ ጎንበስ ብለው ጧፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አጠፉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ በአጠገቤ አለፉና ቆሙ።

«ልጄን ከጀሪካን ጋር አስተካከልሽብኝ» አሉኝ። «ነገ ቤቴን ልቀቂልኝ።»

ፎቶ የሚወዱ ወጣቶች ዛሬም ፊልተር ይደረግ ወይስ አይደረግ እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔንም ይጠይቁኛል። አቧራ ባለበት አድርጉ፣ መብራት ፊት አውልቁ፣ በየጊዜው አላሉት እላቸዋለሁ። ይኼን ማንም ይነግራችኋል። ያ እሑድ ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለጠየቀኝ ሁሉ አልናገርም። ጥንቃቄ የምለው ነገር ከፊሉ ፍርሃት እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሌንሴን ከአቧራ እንደምከልል ራሴንም ከሰው ዓይን እከልል ነበር። እናንተ ጎበዞች ትሆኑና ጠዋቱን ትናገሩት ይሆናል። ጠዋት ብናገር፣ ለእትየ የሺ ብቻ፣ በጆሯቸው፣ ጀሪካንም ሳቅም ባልነበረ። እውነቱን ለማውጣት ሕዝብ እስኪሰበሰብ መጠበቄ ነው እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያግለኝ። ሌንሱ ላይ ያለው ጭረት ፎቶ ላይ አይታይም።

ያን ምሽት ከግድግዳው ማዶ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ይሂዱ ይቅሩ ማወቂያ አልነበረኝም፤ ለመጠየቅም በራቸውን ማንኳኳት አቃተኝ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። የጎንደሩ አውቶቡስ በር ላይ ሰው ተፋፍጓል፤ ከአጨዳ የሚመለሱ ሠራተኞች ጆንያቸውን በመስኮት ይወረውራሉ። በትከሻዬ ገፋሁ። ገፍቼ አላውቅም ነበር። ገባሁና ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ሁለት ወንበር ይዤ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፣ አንዱ ላይ ነጠላዬን ዘረጋሁ።

«እህት፣ ሁለት ሰው ነሽ እንዴ?» አለኝ አንድ የወሎ ልጅ።

«ታማሚ አለብኝ!» ብዬ ጮህኩ። አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ አየኝ። «ታማሚ እየመጣች ነው፤ አልለቅም!»

ረዳቱም መጣ፣ ተቆጣኝ። አልተነሳሁም። ሞተሩ ተነስቶ ጡሩምባው ተነፋ። መምጣታቸውን እንኳ እርግጠኛ ሳልሆን ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀረሁ።

ከዚያ የባንቹን ነጠላ በበሩ በኩል አየሁት። እናቷ ከኋላ ደግፈዋታል። ተነስቼ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት። እትየ የሺ አላዩኝም፤ ቁጭ አሉና ጥቅላቸውን ጭናቸው ላይ አደላደሉ። ለመውረድ ስዞር የቀሚሴን ጫፍ ያዝ አደረጉኝ። መቀነታቸውን ፈተው ከቋጠሮው የቤታቸውን ቁልፍ አወጡና፣ አሁንም ፊታቸው ወደ ፊት እንደሆነ፣ እጄ ላይ አኖሩት።

«ዶሮዎቹን አትርሽ» አሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ቃሉ አልወጣልኝም። ባንቹን «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብዬ ወረድኩ። አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ እስኪሄድ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ በሩን በቁልፋቸው ከፈትኩ፣ ለዶሮዎቹ ማሽላ በተንኩላቸውና ውኃ አኖርኩላቸው።